ግሌዝ የሌለው የሻይ በራድ አሠራር፦ ከጭቃ ግዢ እስከ ማሟሸት

ግሌዝ የሚባለው መስታወት መሳይ ቅብ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። የጣት አሻራ ይደብቃል፣ ሻካራ ጭቃ ያለሰልሳል፣ በደንብ ያልበሰለ ሸክላ እንኳ ለጊዜው ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። እርቃኑን የሚሠራ በራድ ይህ ሁሉ የለውም። ሻዩ የሚነካው ሸክላውን ራሱን ነው። ስለዚህ የጭቃው ዓይነትና የእሳቱ ልክ ከእጅ ጥበብ በላይ ይወስናሉ። እዚህም ብዙውን ቦታ የያዙት እነሱ ናቸው።

የዚህ በራድ አገሩ ቻይና ነው። በጂያንግሱ ግዛት ያለችው ዪሺንግ ለዘመናት ትንንሽ ግሌዝ አልባ በራዶችን ስትሠራ ኖራለች። አሜሪካኖቹ ደግሞ ሐሳቡን ወስደው በየራሳቸው መንገድ ሄዱበት። ቺካጎ የተወለደው ሪቻርድ ኖትኪን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዪሺንግ ስም የጠራቸውን በራዶች ሠራ። አንዳንዱ የሰው ልብ ይመስላል፣ አንዳንዱ የኒውክሌር ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማ። ሁሉም ግን መቅጃና ክዳን አላቸው። ፔንስልቬንያ ውስጥ በጁኒያታ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ጃክ ትሮይ በበኩሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ አናጋማ የሚባለውን በጃፓን የሚታወቅ የእንጨት እቶን ሠራ። እዚያ ዕቃውን ማንም አይቀባውም። እሳቱና አመዱ ይቀቡታል።

እኔ የምጽፈው ግን ትልቅ የእንጨት እቶን ለሌለው ሰው ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በወር ክፍያ የሸክላ መሥሪያ መንኮራኩርና የኤሌክትሪክ እቶን የሚያስጠቅሙ የሸክላ ስቱዲዮዎች አሉ። እዚያ ገብታችሁ መሠረታዊውን ስልጠና ከጨረሳችሁ፣ ሲኒና ጎድጓዳ ሳህን በመንኮራኩሩ ላይ ቀርጾ ማውጣት ከቻላችሁ፣ ይህን መሥራት ትችላላችሁ። የምንሠራው 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ በራድ ነው። ለሦስት ሰው ይበቃል።

ጭቃውን መግዛት

አሜሪካ ውስጥ ጭቃ ተዘጋጅቶ በ25 ፓውንድ ከረጢት ይሸጣል። ወደ 11 ኪሎ መሆኑ ነው። እንደ ፔንስልቬንያው ስታንዳርድ ሴራሚክ ወይም እንደ ሰሜን ካሮላይናው ሃይዋተር ክሌይስ ያሉ አቅራቢዎች ለሚሸጡት ጭቃ ሁለት ቁጥር ያወጣሉ። አንዱ ሲተኮስ ስንት በመቶ እንደሚኮማተር ይናገራል። ሌላው ከተተኮሰ በኋላ ስንት በመቶ ውሃ እንደሚመጥ። ከቀለሙ በፊት እነዚህን አንብቡ።

የሚያስፈልጋችሁ ቀይ ወይም ቡናማ ስቶንዌር ነው። ስቶንዌር ማለት በከፍተኛ ሙቀት በስሎ ድንጋይ የሚሆን ሸክላ ነው። ውሃ የመምጠጥ ቁጥሩ ከ2 በመቶ በታች ቢሆን በጣም ጥሩ። 3 ቢሆንም ያስኬዳል። ከዚያ ከዘለለ በራዱ ያልበዋል። ጠረጴዛ ላይ ክብ እርጥበት ይተዋል፣ ውስጡም ቶሎ ስለማይደርቅ መሽተት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሸወድበት ነገር አለ። የእቶን ሙቀት በኮን ቁጥር ይነገራል፤ ኮን እቶን ውስጥ ተቀምጦ በሙቀት የሚጎብጥ ትንሽ የሸክላ መለኪያ ነው። የስቱዲዮዎች የኤሌክትሪክ እቶን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ኮን 6 ይተኩሳል፤ 1220 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። አንዳንድ ከረጢት ላይ ግን «ከኮን 6 እስከ 10» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ዓይነቱ ጭቃ በደንብ የሚበስለው ወደ 1300 በሚጠጋው ኮን 10 ላይ ነው። ኮን 6 ላይ ያወጣችሁት እንደሆነ ገና ጥሬ ነው። ለሲኒ ችግር የለውም፤ ግሌዙ ይሸፍንለታል። ለእርቃን በራድ ግን አይሆንም። ኮን 6 ብቻ የተጻፈበትን ውሰዱ፤ የመምጠጥ ቁጥሩም በኮን 6 የተለካ መሆኑን አረጋግጡ።

ሸክላው ሻይ ቢመጥ ሻዩ ይጣፍጣል የሚል ወሬ በሰፊው ይወራል። እኔ አልስማማም። በስሎ የጠነከረ እርቃን ሸክላ የሻይ ቅባትና ቀለም ፊቱ ላይ ይይዛል፤ ያ ይበቃዋል። ውሃ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሸክላ ከሻዩ ጋር ሻጋታም ያስገባል።

ሁለት ነገር ደግሞ ሻጩን ጠይቁ። የመጀመሪያው የገል ድቃቂ አለው ወይ የሚለው ነው። ተተኩሶ የተፈጨ ሸክላ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጥንካሬ ይሰጣል። አገር ቤትም ሸክላ ሠሪዎች ገል ፈጭተው ይጨምራሉ። ለዚህ ሥራ ግን በጣም ደቃቅ ካልሆነ የክዳኑን መገጣጠሚያ ያሻክረዋል። ሁለተኛው ማንጋኒዝ ነው። ጥቁር ወይም ቸኮሌት የሚመስሉ አንዳንድ ጭቃዎች ቀለማቸውን የሚያገኙት ከማንጋኒዝ ነው። ሲተኮስ የሚወጣው ጭስ ለሳንባና ለነርቭ መርዝ ነው። ከምግብና ከመጠጥ ጋር በቀጥታ ለሚነካካ እርቃን ሸክላም እኔ አልመርጠውም። ቀለሙን ከብረት የሚያገኝ ቀይ ጭቃ ሞልቶላችኋል።

ልኩን አስቀድሞ ማስላት

ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል። ብዙ ስቶንዌር ከ11 እስከ 13 በመቶ ያጥራል። 12 በመቶ እንበል። ይህ በአንድ አቅጣጫ ነው። በሦስቱም አቅጣጫ ሲሆን የሚይዘው መጠን ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ በራድ ከፈለጋችሁ እርጥቡ 590 አካባቢ መያዝ አለበት። የርዝመት ስሌቱ ቀላል ነው፤ የምትፈልጉትን ልክ ለ0.88 አካፍሉ። ተተኩሶ 6 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የምትፈልጉት አፍ እርጥብ እያለ 6.8 ይሆናል።

የአቅራቢው ቁጥር መነሻ ነው። የእናንተ እቶን የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ጠፍጣፋ የጭቃ ዘንግ ሠርታችሁ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር አስምሩበት። ከተተኮሰ በኋላ ለኩት። 8.8 ከሆነ 12 በመቶ ነው። ይህን ዘንግ አትጣሉት፤ ኋላ ለመምጠጥ ሙከራም ያገለግላል።

አካሉን ማውጣት

ለሆዱ 700 ግራም ጭቃ፣ ለክዳኑ 150፣ ለመቅጃው 150 መዝናችሁ አስቀምጡ። ለእጀታው ትንሽ ይቅር። ሁሉንም ከአንድ ከረጢት ውሰዱ፣ በአንድ ቀንም አውጡ። ሁለት የተለያየ እርጥበት ያለው ጭቃ እኩል አይኮማተርም። ክዳን የማይገጥመውም፣ መቅጃ ከሥሩ የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው።

ሆዱን ስታወጡ ግድግዳው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ወፍራም በራድ ከባድ ነው፤ ሞልቶ ሲነሳ ክንድ ያደክማል። አፉ ላይ ስትደርሱ ጠርዙን ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ተዉት። ከዚያ በጣት ጥፍር ወይም በጠፍጣፋ እንጨት የጠርዙን ግማሽ ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጫኑት። የክዳኑ መቀመጫ ይሄ ነው። መቀመጫው ከ5 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።

አፉ ለምን 6 ሴንቲ ሜትር? ይህ በራድ በሳሙና አይታጠብም። ጣት ገብቶ ቅጠሉን ጠርጎ ማውጣት አለበት። ጠባብ አፍ ያምራል፤ ግን ከወር በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም።

መቀመጫውን እንደጨረሳችሁ ወዲያው በመለኪያ ከምፓስ ያዙት። ከምፓሱን ሳትነኩ ክዳኑን በዚያ ልክ አውጡ። ክዳኑን ተገልብጦ እንደ ትንሽ ሳህን ማውጣት ይቀላል። ከሥሩ ወደ በራዱ የሚገባ አንገት ይኑረው፤ ርዝመቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል። በራዱ ሲያዘነብል ክዳኑ ሻይ ውስጥ እንዳይወድቅ የሚይዘው ይህ አንገት ነው። አጭር ከሆነ ቀጂው በሌላ እጁ ክዳን ሊይዝ ነው፤ ትኩስ ሸክላ ደግሞ አይያዝም።

መቅጃው

በራድ የሚፈረደው በአቀዳዱ ነው። የቀረው ሁሉ አምሮ መቅጃው ካንጠባጠበ ማንም ሁለተኛ አያነሳውም። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

መቅጃውን ከሥሩ ሰፊ፣ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ አድርጋችሁ በመንኮራኩር አውጡ። ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። እየጠበበ መሄዱ ለመልክ ብቻ አይደለም። ሻዩ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየፈጠነ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ፈጥኖ የሚወጣ ሻይ ደግሞ ከከንፈሩ በደንብ ይላቀቃል።

ሻይ ስትቀዱ ቀስ ካላችሁ ከመቅጃው ሥር እየተንሸራተተ ሆዱ ላይ ሲወርድ አይታችኋል። ሃይፋ በሚገኘው ቴክኒዮን ይሠራ የነበረው ማርከስ ራይነር በ1956 ነገሩን «የበራድ ውጤት» ብሎ ሰየመው። በማግስቱ ዓመት አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ኬለር ምክንያቱን አስረዳ፤ ፈሳሹ ከንፈሩን ሲዞር በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንስና የውጭው አየር ወደ ሸክላው ይገፋዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር አጭር ነው። ከንፈሩ ወፍራምና ድቡልቡል ከሆነ ሻዩ ዞሮ ይወርዳል። ቀጭንና ስለት ያለው ከሆነ ይቆረጣል። በተለይ የታችኛው ከንፈር። ጭቃው ግማሽ ደረቅ ሲሆን በቢላ ቁረጡት፤ የላይኛውን ጠርዝ በእርጥብ ጣት አለስልሱ፣ የታችኛውን ግን ስለቱን እንደያዘ ተዉት። ስፖንጅ አታስነኩት። ሁላችንም ጠርዝ ስናይ ማለስለስ ይቀናናል፤ ይህን ቦታ ግን ለቀቅ ማድረግ ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በመንኮራኩር የወጣ መቅጃ የተጠመዘዘበትን አይረሳም። እሳት ውስጥ ትንሽ ይዞራል፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ጫፍ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው መንኮራኩራችሁ የሚሽከረከርበት አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከእሳት ሲወጣ ምን ያህል እንደዞረ ተመልከቱ፣ ሁለተኛውን በዚያው ልክ በተቃራኒ አዘንብሉት። መቅጃውን በዝግታ፣ ጭቃውን ጥቂት ጊዜ ብቻ ወደ ላይ እየሳቡ ማውጣትም ዙረቱን ይቀንሰዋል።

መገጣጠም

ቁርጥራጮቹን በላስቲክ ሸፍናችሁ ግማሽ ደረቅ እስኪሆኑ ጠብቁ። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ጥፍር ሲጫኑበት መስመር ይተዋል፣ በጣት ሲጫኑት ግን አይጎደጉድም። ቀለሙም ገና ጥቁረቱን አልለቀቀም።

በመጀመሪያ የሆዱን ሥር በመንኮራኩር ላይ ገልብጣችሁ ፋቁ። ከዚያ መቅጃውን ጎኑ ላይ አስጠጉና በዓይን ለኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ የመቅጃው ጫፍ ከሆዱ አፍ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ በራዱን ሳትሞሉት ሻዩ በመቅጃው ይፈሳል። ጠፍጣፋ እንጨት አፉ ላይ አጋድማችሁ ወደ መቅጃው ብታስረዝሙት ወዲያው ይታያል።

የሚቀመጥበትን ቦታ በመርፌ አክቡና በክበቡ ውስጥ የማጥለያ ቀዳዳዎች ብሱ። ትልቅ አንድ ቀዳዳ አይሆንም፤ ቅጠሉ አብሮ ይወጣል። 4 ሚሊ ሜትር መብሻ ወስዳችሁ 15 ያህል ብሱ። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጫፉ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው የሚያሳልፈው ቦታ 64 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 15ቱ ቀዳዳዎች ተደምረው 188 ይሆናሉ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ግማሾቹ በቅጠል ቢደፈኑም ሻዩ አይታነቅም። ቀዳዳው ዙሪያ የቀረውን ትርፍ ጭቃ እርጥብ እያለ አትነካኩት። ሲደርቅ በጣት ሲነኩት ራሱ ይረግፋል።

ከዚያ ሁለቱንም ፊት በመርፌ እየተመላለሳችሁ ቧጭሩ፣ ከዚያው ጭቃ በውሃ የተበጠበጠ ወፍራም ስሊፕ ቀቡ፣ ተጫኑና ትንሽ እያወዛወዛችሁ አጣብቁ። ዙሪያውን በእንጨት ጫፍ ዝጉት። የወጣውን ትርፍ ስሊፕ ከመጥረግ ይልቅ ጠንከር እስኪል ጠብቃችሁ መፋቅ ይሻላል። እርቃን ሸክላ ላይ የተጠረገ ስሊፕ ከእሳት በኋላ እንደ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል።

እጀታውን ከጭቃ ጉማጅ ላይ በእርጥብ እጅ ላም እንደማለብ እየሳባችሁ አውጡት። ከመቅጃው ትይዩ አጣብቁት። ሦስት ጣት ያለ ጭንቀት ይግባበት፤ ከሆዱም ራቅ ይበል፣ ሸክላው ይግላልና። ሌላው አማራጭ ብዙ አሜሪካውያን ሸክላ ሠሪዎች የሚወዱት ነው። አፉ ግራና ቀኝ ሁለት የጭቃ ቀለበት ታደርጉና ከተተኮሰ በኋላ የቀርከሃ ወይም የሸንበቆ እጀታ ከላይ ታስገቡበታላችሁ። ለትልቅ በራድ ይሄኛው ይሻላል፤ ክብደቱ መሃል ላይ ይንጠለጠላል።

ክዳኑ ላይ የአየር ቀዳዳ አትርሱ። ያለ እሱ ሻዩ እየተንተባተበ ነው የሚወርደው። 4 ሚሊ ሜትር ብሱ፤ በመኮማተር 3.5 ይሆናል።

ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ በላስቲክ ሸፍናችሁ ለሁለት ቀን ተዉት። እርጥበቱ በመቅጃው፣ በእጀታውና በሆዱ መካከል እኩል ይከፋፈላል። ይህን የዘለለ ሰው ስንጥቁን የሚያየው ከእሳት በኋላ ነው።

ፊቱን ማለስለስ

አገር ቤት ጀበና በለሰለሰ ጠጠር ሲታሽ እንዴት እንደሚያበራ የምታውቁ ሰዎች ያንኑ እዚህ ልትሞክሩ ትችላላችሁ። ሞክሩ፤ ግን ከእሳት ሲወጣ ያን ብርሃን አትጠብቁ። ጀበና በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ ውልውሉ ይቆያል። 1200 ዲግሪን ያለፈ ሸክላ ላይ ብርሃኑ ይጠፋል። የሚቀረው ልስላሴው ነው፤ ለእጅ ግን ያም ትልቅ ነገር ነው። ግማሽ ደረቅ እያለ በማንኪያ ጀርባ ወይም በብረት መፋቂያ ተጭናችሁ እሹት። ስፖንጅ ከተጠቀማችሁ ደቃቁ ጭቃ ይታጠብና አሸዋው ፊት ለፊት ይወጣል፤ በራዱም የአሸዋ ወረቀት ይሆናል። ከደረቀ በኋላ መፋቅ ካስፈለገም በውሃ አርጥባችሁ ወይም ጭንብል አድርጋችሁ ይሁን። የሸክላ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ማድረቅና መተኮስ

ለአንድ ሳምንት ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ክዳኑ በቦታው እንዳለ። ክዳንና ሆድ አብረው ደርቀው አብረው ከተተኮሱ ቢጣመሙም አብረው ይጣመማሉ። መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁን አስነኩት። ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

ግሌዝ ስለሌለው በአንድ እሳት ብቻ መጨረስ ይቻላል። ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ለቀይ ጭቃ ግን ሁለት እሳት ይሻላል እላለሁ። ቀይ ጭቃ ውስጥ ብዙ ብረትና የበሰበሰ ዕፅዋት ቅሪት አለ። ቅሪቱ ከ700 እስከ 950 ዲግሪ ባለው መካከል በቂ አየርና ጊዜ አግኝቶ ተቃጥሎ ካልወጣ ሸክላው እየጠበቀ ሲሄድ ጋዙ ውስጥ ይታፈናል። ውጤቱ ፊቱ ላይ እንደ እከክ ያበጠ ሸክላ ነው። ግሌዝ ያለው ዕቃ ላይ እንኳ ያስጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ በዝግታ ኮን 04 ድረስ፣ ወደ 1060 ዲግሪ፣ ተኩሱት። ከዚያ በሁለተኛው እሳት ኮን 6።

በመጀመሪያው እሳት ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሁለት ቦታዎች አሉ። ከ100 ዲግሪ በታች ለጥቂት ሰዓት ይቆይ። የቀረው ውሃ በእንፋሎት ፈንድቶ በራዱን እንዳይሰብረው ነው። ሌላው 573 ዲግሪ ነው። እዚያ ላይ በጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ ሲግልም ሲቀዘቅዝም። ስለዚህ እቶኑን ትኩስ ሳለ ለመክፈት አትጓጉ።

ለሁለተኛው እሳት ክዳኑ የሚነካበትን ቦታ የአሉሚና ዱቄት የተቀላቀለበት ሰም ቀቡ። ግሌዝ ባይኖርም ኮን 6 ላይ ሸክላ ከሸክላ ሊጣበቅ ይችላል። አሉሚናው አይቀልጥም፤ ያላቅቃቸዋል። የእቶኑን ማሳያ ሰሌዳ ብቻ አትመኑ። ከበራዱ አጠገብ እውነተኛ ኮን አስቀምጡ። ኤድዋርድ ኦርተን ከ1896 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ መሥራት የጀመራቸው እነዚህ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ሸክላዎች የሚጎብጡት በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ በቆየበት ጊዜም ነው። የሸክላችሁ መብሰል የሚለካውም በሁለቱ ነው። ኮኑ ቀጥ ብሎ ከቀረ በራዱ ጥሬ ነው። ተዘርሮ ከተኛ ሊያብጥ ይችላል።

የእንጨት እቶን ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ ሁለተኛውን እሳት እዚያ ስጡት፤ ለጭቃችሁ የሚስማማ ኮን መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ነበልባሉ የተሸከመው አመድ ፊቱ ላይ ወድቆ ይቀልጥና አንዱን ጎን ያስውበዋል፣ ሌላው ጎን ደረቅና ቀይ ሆኖ ይቀራል። ክዳኑ በቦታው ስላለ ውስጡ እርቃኑን ይወጣል። ኤሌክትሪክ እቶን ይህን አይሰጥም። የሚሰጠው ወጥ ቀለም ነው፤ ቅርጹ ከሰመረ ያም ያምራል።

ሙከራ

ክዳኑ ከተንገጫገጨ ትንሽ የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት ከውሃ ጋር መቀመጫው ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ወዲያና ወዲህ አዙሩት። እየተፋጨ ይገጥማል። በደንብ እጠቡት።

የሙከራ ዘንጉን በደንብ አድርቃችሁ በግራም ሚዛን መዝኑት። ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ቀቅሉት፣ እዚያው ይቀዝቅዝ፣ ላዩን ጥረጉና እንደገና መዝኑት። 100 ግራም የነበረው 102 ከሆነ 2 በመቶ ውሃ መጥጧል። በራዱን ራሱን ደግሞ ውሃ ሞልታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ መርጠብ የለበትም።

ከዚያ ቅዱበት። እየቀዳችሁ የክዳኑን ቀዳዳ በጣት ድፈኑ። ክዳኑ በደንብ ከገጠመ ፍሰቱ ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል። ጣታችሁን ስታነሱ ይቀጥላል። ስታቆሙ ከንፈሩ ሥር ጠብታ ተንጠልጥሎ ከቀረ የታችኛውን ስለት በእርጥብ የአልማዝ መሞረጃ ትንሽ አስሉት።

ማሟሸትና አያያዝ

አዲስ ጀበና እንደሚሟሸው ይህም ይሟሻል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ይህን በራድ ከሰል ላይም ምድጃ ላይም አትጣዱት። የጀበና ሸክላ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰና ክፍት ስለሆነ የእሳትን ድንገተኛ ሙቀት ይችላል። በስሎ የጠበቀ ስቶንዌር ሥሩ ብቻ ሲግል ይሰነጠቃል። ውሃው በሌላ ዕቃ ይፍላ።

ለማሟሸት በራዱንና ክዳኑን ለየብቻ ትልቅ ድስት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስገቡ። እንዳይጋጩ ከሥር ጨርቅ ይነጠፍ። ቀስ በቀስ አሙቁት፣ አንድ እፍኝ የሻይ ቅጠል ጨምሩ፣ ለግማሽ ሰዓት በዝግታ ይንተክተክ፣ እዚያው ይቀዝቅዝ። ከዚያ አውጥታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። የእቶኑ አቧራና የማፋጫው ዱቄት ተጠርጎ ይወጣል፣ የመጀመሪያው የሻይ ሽታም ይይዛል።

ለምን ዓይነት ሻይ እንደምትጠቀሙበት አሁኑኑ ወስኑ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል የሚገባበት የእኛ ሻይ ሽታው ኃይለኛ ነው። በተለይ ቅርንፉድ ከእርቃን ሸክላ ቶሎ አይለቅም። አንድ በራድ ለቅመም ሻይ ከሰጣችሁት ለእሱ ይሁን፤ ለአረንጓዴ ሻይ ሌላ ሥሩ። ስኳር በራዱ ውስጥ አትጨምሩ፣ በየሲኒው ይሁን። ቡና ጨርሶ አይግባበት። ቡናው ጀበና አለው።

በየጊዜው የፈላውን ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት ትንሽ ሙቅ ውሃ በራዱ ውስጥ አንከባላችሁ ድፉ። ቀዝቃዛ በራድ ላይ የፈላ ውሃ መገልበጥ በተለይ በክረምት ያሰነጥቃል። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወዲያው አውጡ፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አድርቁ። ሳሙናም ዕቃ ማጠቢያ ማሽንም አይንካው።

ከጉዞ ስትመለሱ በራዱ የሻጋታ ሽታ ካለው እንደ ማሟሸቱ በንጹሕ ውሃ ቀቅሉትና ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አቆዩት። ያም ካልረዳ ወደ ስቱዲዮው ይዛችሁት ሂዱና ኮን 04 በሚተኮስበት ዙር፣ በዝግታ በሚግል እቶን፣ ደርቆ ይግባ። በሸክላው ላይ ያለው የሻይ ቅባትና ሽታ ሁሉ ይቃጠላል። ከዚያ ማሟሸቱን እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።